ስለ ወረራና ስለ መፈናቀል የጋራ የግድግዳ ሥዕል አሠራር፦ ለአዳማ ወጣት ሠዓሊዎች

የሥዕል ክበብ ያላቸው ወጣቶች፣ መምህራን፣ አንዳንድ ጊዜም የሠፈር ሽማግሌዎች ይደውሉልኛል። «ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ መፈናቀል የግድግዳ ሥዕል ልንሠራ ነው፤ ስንት ጋሎን ቀለም እንግዛ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። ከሥራው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚያልፈው የቀለም ቆርቆሮ ሳይከፈት ነው፤ ግድግዳውን ስትፈትሹና ሰዎችን ስታዳምጡ። ይህን ክፍል ዘለው ቀለም የገዙ ሁለት ቡድኖች አውቃለሁ። የአንደኛው ሥዕል በሁለተኛው ክረምት ተላጠ። የሌላው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ተሠረዘበት፤ ታሪካቸው የተሣለባቸው ሰዎች ሥዕሉን ያዩት መንገድ ላይ ሲያልፉ ነበርና።

እዚህ የምጽፈው ለ12 ሜትር ርዝመትና ለ2.5 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ለ30 ካሬ ሜትር አጥር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ከዚህ ከፍ ያለ ግድግዳ አትምረጡ። 2.5 ሜትር ከሆነ ዝቅተኛ መቆሚያ ይበቃል፤ ፖንቴ (የግንባታ መወጣጫ) መከራየት አያስፈልግም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽማግሌውም ልጁም መሬት ላይ ቆሞ መቀባት ይችላል።

መቼ ይሠራ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቀቡ። ማዳመጡንና ንድፉን ግን ከነሐሴ ጀምራችሁ ጨርሱ። የአዳማ በጋ ብዙም ዝናብ የለውም፤ ነፋስና አቧራ ግን አለው። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስለማይጠፋ ነው፤ ያው ነፋስ አቧራ እያመጣ በእርጥብ ቀለም ላይ ያራግፋል። ስለዚህ ነፋሱ ሲበረታ ሰፊ ቅብ አትጀምሩ፤ ዝርዝር ሥራ ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የውጭ ግድግዳ ፕራይመር (የሥር ቅብ)፦ 5 ሊትር
- ነጭ የውጭ ውሃ ቀለም (በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም)፦ 10 ሊትር ለመደብ፣ 6 ሊትር ለማደባለቅ
- ቀይ አፈርማ፣ ቢጫ አፈርማ፣ ሰማያዊና ጥቁር ውሃ ቀለም፦ በያይነቱ 2 ሊትር
- ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ፦ 1 ሊትር በያይነቱ
- ለቀዳዳና ለስንጥቅ መድፈኛ የውጭ ስቱኮ
- ሩሎ 3፣ ሰፊ ብሩሽ 6፣ መካከለኛ ብሩሽ 12፣ ቀጭን ብሩሽ 10
- ሽቦ ብሩሽ፣ ስፓቱላ፣ ብርጭቆ ወረቀት
- ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ፣ የጠመኔ ዱቄት፣ እርሳስ
- ክዳን ያላቸው ያገለገሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች፦ ቢያንስ 30
- መሬት ላይ የሚነጠፍ ሸራ ወይም ጆንያ፣ ጨርቅ፣ 4 ባልዲ
- ጓንት፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ኮፍያ፣ የሚጠጣ ውሃ
- ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የማይወዛወዝ መቆሚያ፦ 2

የቀለሙ መጠን እንዲህ ይሰላል። በውጭ ልስን ላይ 1 ሊትር ቀለም በአንድ ዙር ወደ 8 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብላችሁ ያዙ፤ ሻካራ ከሆነ ከዚህ ያንሳል። 30ን ለ8 ስታካፍሉ በአንድ ዙር 3.75 ሊትር ይመጣል። በዙሩ ብዛት አባዙና ለብክነት አንድ አምስተኛ ጨምሩ። ሱቅ ውስጥ «ጋሎን» ሲባል መጠኑ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ቡድኑን አደራጁ

ከ8 እስከ 12 ወጣቶች ይበቃሉ። ሁሉም ሠዓሊ መሆን የለበትም። ሁለቱ አድማጭና መዝጋቢ፣ ሁለቱ ንድፍ አውጪ፣ አንዱ የዕቃና የገንዘብ ኃላፊ፣ አንዱ የደኅንነት ተጠሪ ይሁኑ። በአዳማ ከአድማጮቹ ቢያንስ አንዱ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር መሆን አለበት፤ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው ከመጡ ሰዎች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሶማልኛ የሚሰማ ሰው ቢኖር ደግሞ እጅግ ይረዳል። ሰው ቤቱን ያጣበትን ቀን በሁለተኛ ቋንቋው ሲናገር ብዙውን ነገር ያሳጥረዋል፤ ለሥዕል የሚሆነው ደግሞ ሲያሳጥር የሚተወው ክፍል ነው።

ከተፈናቀሉት ቤተሰቦች ልጆች መካከል ሥዕል የሚወድ ካለ በቡድኑ ውስጥ ይግባ፤ «ተጠያቂ» ብቻ ሆኖ አይቅር።

ደረጃ 2፦ ግድግዳውን ምረጡና ፈትሹ

ከመረጣችሁት ግድግዳ ፊት አንድ ሙሉ ቀን ዋሉ። ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምታርፍበት፣ ውሃ ከየት እንደሚወርድበት፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ መዝግቡ። ከዚያ እነዚህን አራት ፈተናዎች አድርጉ።

- *የእርጥበት ፈተና።* ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በፕላስተር ዙሪያውን አጥብቃችሁ ለጥፉና 24 ሰዓት ተዉት። ከላስቲኩ ሥር ላብ ካያችሁ ግድግዳው ውሃ ይዟል። ምንጩ ሳይደርቅ ቀለም ብትቀቡ እርጥበቱ ቀለሙን ከውስጥ እየገፋ ያሳብጠዋል።
- *የጨው ፈተና።* ከታች ነጭ ዱቄት ካለ በጣታችሁ ጥረጉት። ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ ግድግዳው ጨው እየተፋ ነው። ሥዕሉ በሁለተኛው ክረምት የተላጠበት ቡድን የዘለለው ይህን ነበር። ዱቄቱን በብሩሽ አራግፈው ቀቡበት፤ ጨው ግን በእርጥበት ውስጥ እየተጓዘ ስለሚወጣ ቅቡን እንደ ቅርፊት አነሣው።
- *የመላጥ ፈተና።* በአሮጌው ቀለም ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ሳቡት። ቀለም ይዞ ከመጣ አሮጌው ቅብ መነሣት አለበት፤ አዲሱ ቀለም የሚይዘው አሮጌው የያዘውን ያህል ብቻ ነውና።
- *የመምጠጥ ፈተና።* ውሃ ርጩበት። ወዲያው ከጠጣው ፕራይመር የግድ ነው። ውሃው ተንከባሎ ከወረደ ግድግዳው በዘይት ቀለም ተቀብቷልና በብርጭቆ ወረቀት መሻከር ይኖርበታል።

አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ከሆነ 28 ቀን ጠብቁ። እርጥብ ሲሚንቶ ቀለም ያበላሻል፤ በተለይ ዘይት ቀለም ከገጠመው ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። «ዘይት ቀለም ይደምቃል» የሚሏችሁ ቀቢዎች አሉ። ለበርና ለመስኮት እውነት ነው። ለልስን ግን ውሃ ቀለም ተጠቀሙ፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳል።

ደረጃ 3፦ ፈቃዱን በወረቀት ያዙ

የቃል ፈቃድ አይበቃም፤ የአጥሩ ባለቤት ሲለወጥ ወይም ኃላፊው ሲዛወር ቃሉ አብሮ ይሄዳል። ከባለቤቱ የተፈረመ ደብዳቤ ውሰዱ፤ ሥዕሉ ለስንት ዓመት እንደሚቆይና ማን እንደሚጠግነው ይጻፍበት። ከዚያ ወደ አካባቢው አስተዳደር ሄዳችሁ ተመሳሳይ ደብዳቤ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። በሥራው ቀናት ግልባጩ ከእጃችሁ አይለይ። ፖሊስ ወይም ጥበቃ ሲጠይቅ ወጣቶቹ በወረቀት እንጂ በክርክር መመለስ የለባቸውም።

ደረጃ 4፦ አዳምጡ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህ ነው። ሦስት ሳምንት ስጡት።

መጀመሪያ በቃላቱ ተስማሙ። «ቅኝ ግዛት» የሚለውን ቃል በርዕሳችሁ ላይ ብትጽፉ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ይከራከራችኋል። ስለ 1928–1933 ዓ.ም. የምትሥሉ ከሆነ «የጣሊያን ወረራ» ሕዝቡ የሚያውቀው ስም ነው። ስለ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቅኝ መገዛት የምትጨምሩት ነገር ካለ ደግሞ በግልጽ ለዩት። «ተፈናቃይ» የሚለውን ቃልም ባለቤቶቹን ጠይቁ። ለዓመታት እዚህ የኖሩ፣ ልጆቻቸውን እዚህ ያስተማሩ ሰዎች በዚህ ስም መጠራት ላይፈልጉ ይችላሉ።

ቀጥሎ የአካባቢያችሁን ታሪክ ፈልጉ። ከአዳማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተገነባበት ገንዘብ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሳ ነበር። ውሃው ሲሞላ ደግሞ የግጦሽና የእርሻ መሬት ከሐይቁ ሥር ቀረ፤ በዚያ የነበሩ ሰዎችም ተነሡ። የወረራው ካሳና የሰዎች መነሣት በአንድ ውሃ ውስጥ ተገናኝተዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መሬታቸው ወደ ሸንኮራ እርሻ የተለወጠባቸው ቤተሰቦችም አሉ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው በአዳማ የሠፈሩት ደግሞ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ግድግዳ ላይ አታጭቁ። አንዱን ምረጡና ጠልቃችሁ ሂዱበት።

ሰዎችን ስታነጋግሩ እነዚህን ጠብቁ፦

- በአካባቢው የተከበረ ሰው ያስተዋውቃችሁ። ሳትጠሩ ቤት አትግቡ። ትልልቆቹን በስማቸው ብቻ አትጥሩ፤ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «እትዬ» እንደየዕድሜያቸው፣ ወይም ራሳቸው በሚሹት መጠሪያ።
- ከመቅዳታችሁ በፊት ድምፁ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ላይ እንደሚውል ንገሯቸው። «ይህን አትጠቀሙ» ካሉ እዚያው ፊታቸው አጥፉት።
- «ማን አባረራችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሥዕላችሁ የፍርድ ቤት ማስረጃ አይደለም፤ ጥያቄውም ዛሬ አብረው የሚኖሩ ጎረቤታሞችን ሊያጋጭ ይችላል። «ስትወጡ ምን ያዛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።
- ማልቀስ ከመጣ መቅጃውን ዝጉ። «አይዞዎት» ብላችሁ ዝም በሉ። ወደ ጥያቄው የምትመለሱት እሳቸው ከተመለሱ ብቻ ነው።
- ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይኖር ስለ መፈናቀሉ አትጠይቁ። እንዲሥሉ ግን ወረቀትና ቀለም ስጧቸው።

«ምን ያዛችሁ?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንዲት እናት ለሁለት ቀን «ምንም አልያዝንም» ሲሉ ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ቡና እያፈሉ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ ቁልፍ ነበር፤ ጥርሱ ያለቀ፣ መያዣው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የበር ቁልፍ። በሩ የለም፤ ቁልፉ ግን አለ። ንድፍ አውጪዋ ልጅ በተፈጥሮ ልኩ እዚያው ሣለችው፤ ክሩን ሳትረሳ። የዚያ ግድግዳ ሥዕል ከዚያ ቁልፍ ጀመረ። ስለ «ስደት» ጥቅል ሐሳብ ይዘው ቢሄዱ ኖሮ የሚሥሉት ሁሉም የሚሥለውን ነበር፦ የሚያለቅስ ልጅና ጭስ።

ደረጃ 5፦ ንድፉን አውጡ

የሰበሰባችኋቸውን ዕቃዎች፣ ቦታዎችና ቃላት በትንንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሬት ላይ ዘርጉ። ሦስት ወይም አራት ብቻ ምረጡ። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በአምስት ሰከንድ ሊያየው የሚችለው ከዚያ አይበልጥም። ቅርብ ለሚመጣው ሰው ደግሞ ዝርዝሩን በትልልቆቹ ቅርጾች ውስጥ አስገቡለት።

ንድፉ በ1 ለ10 ልኬት ይሁን፤ 12 ሜትሩ በወረቀት ላይ 120 ሳንቲ ሜትር፣ 2.5 ሜትሩ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- በሕይወት ያለን ሰው ፊት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትሣሉ። ፈቃድ የሰጠም ቢሆን የሚያየው ሁሉ ወዳጁ ላይሆን ይችላል። እጅ፣ ጀርባ፣ ጥላ፣ ዕቃ ይበቃል።
- ሰንደቅ ዓላማና የፓርቲ ምልክት አታስገቡ። ግድግዳው የሚሠረዘው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኩል ነው፤ አብሮ የሚሠረዘው ግን የእናቶቹ ታሪክ ነው።
- የተጎዳ አካል አትሣሉ። ያን ያዩ ሰዎች በየቀኑ በዚያ መንገድ ወደ ገበያ ያልፋሉ።
- ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፈረንጆቹ የካቲት 19 ቀን 1937 ይላል ብሎ አንድ ቡድን «1937 ዓ.ም.» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ፤ ጣሊያን ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የፈረንጆቹን ከተጠቀማችሁ «እ.ኤ.አ.» ሳትጽፉ አታልፉ፤ የሚሻለው ግን አንድ አቆጣጠር መርጣችሁ በዚያው መጽናት ነው።

ደረጃ 6፦ ንድፉን ለባለታሪኮቹ መልሳችሁ አሳዩ

ይህን ደረጃ ሳይሠሩ ቀለም የገዙት ናቸው ሥዕላቸው የተሠረዘባቸው። ንድፉን ቀለም ቀብታችሁ፣ ያነጋገራችኋቸውን ሁሉ ሰብስባችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ አሳዩ። አስረዱና ዝም በሉ። የመጀመሪያው ምላሽ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ነው፤ ከትሕትና የመጣ ነው። እርሳስና ላጲስ በእጃቸው ስጡና «ምን ይነሣ? ምን ይጨመር?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቁልፉ ባለቤት እናት ንድፉን አይተው ጣታቸውን በቤቱ ላይ አሳረፉ። «የኛ በር ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር» አሉ። ልጆቹ በሩን ወደ መንገዱ አድርገውት ነበር። በወረቀት ላይ የአምስት ደቂቃ እርማት ነው፤ በግድግዳ ላይ ቢሆን ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ እናቲቱም ምናልባት ሳይናገሩ በየቀኑ የሌላ ሰው ቤት እያዩ ያልፉ ነበር።

የተስማማችሁበትን ንድፍ ሁሉም ይፈርሙበት። ከዚህ በኋላ ዋና ለውጥ የሚደረገው በተመሳሳይ ስብሰባ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ግድግዳውን አዘጋጁ

የለቀቀውን ቀለም በስፓቱላ ፋቁ፤ በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። አሮጌ ዘይት ቀለም ካለ በደረቁ አትሞርዱት፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላልና ውሃ እየረጫችሁ ሞርዱት፤ ፍርፋሪውን በላስቲክ ሰብስቡ፤ ሕፃናትን አርቁ። ከዚያ ግድግዳውን በንጹሕ ውሃ እጠቡና ሁለት ቀን አድርቁ። ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ።

ፕራይመሩን አንድ ዙር፣ በማግሥቱ ነጩን መደብ ሁለት ዙር ቀቡ። ነጭ መደብ የሚያስፈልገው በላዩ የሚመጣው ቀለም እንዲበራ ነው። ግራጫ ልስን ላይ የተቀባ ቢጫ ሦስት ዙር ቢደገምም ይደበዝዛል።

ከመሬት ጀምሮ ያለውን 40 ሳንቲ ሜትር በጥቁር ቡናማ ቀቡትና ከሥዕሉ ውጭ አድርጉት። ዝናብ መሬቱን መትቶ ጭቃ የሚረጨው እስከዚያ ድረስ ነው።

ደረጃ 8፦ ንድፉን ወደ ግድግዳው አዛውሩ

በወረቀቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች አሥምሩ፤ በግድግዳው ላይ 50 በ50። ወርዱ 24፣ ቁመቱ 5 ካሬ ይሆናል፤ በጠቅላላው 120። ወርዱን በቁጥር፣ ቁመቱን በፊደል (ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ) ሰይሙ፤ «7ሐን ማን ይዞታል?» ስትሉ ሁሉም ያገኘዋል። ቀጥ ያለውን መሥመር በጠመኔ በተነከረ ሲባጎ ምቱ፤ በውሃ ልክ አረጋግጡ። የአጥሩን ጫፍ አትመኑት፤ ብዙ አጥር ከመሬቱ ጋር ያዘነብላል።

እያንዳንዱን ካሬ በእርሳስ ወይም በቀጭን ጠመኔ አዛውሩ። በማርከርና በእስክሪብቶ አትሣሉ፤ ቀለማቸው ውሃ ቀለሙን ሰንጥቆ ይወጣል። ከሰልም አይሁን፤ ያጠቁራል። ስትጨርሱ መንገዱን ተሻግራችሁ እዩት፤ ፎቶ አንሡና ከንድፉ ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 9፦ ቀለሙን ደባልቃችሁ ቁጥር ስጡት

ለሥዕሉ የሚያስፈልጉትን ቀለሞች፣ ከ12 እስከ 15 ቢሆኑ ይበቃሉ፣ በአንድ ቀን ደባልቁ። እያንዳንዱን በክዳን ዕቃ አድርጋችሁ ቁጥር ጻፉበት፤ ያንኑ ቁጥር በግድግዳው ላይ በየቅርጹ ውስጥ በጠመኔ ጻፉ። በየቀኑ እንደገና የሚደባለቅ ሰማያዊ በጭራሽ ያንኑ ሰማያዊ አይሆንም።

ቀለሙን በውሃ የምታቀጥኑት ከአንድ አሥረኛ ሳያልፍ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙን ከግድግዳው የሚያጣብቀው ነገር ይሳሳና በሁለት ዓመት ውስጥ በእጅ ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ለሰፊ ቦታ ቀይና ቢጫ አፈርማውን ምረጡ፤ የአዳማን ፀሐይ ይችላሉ። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ቶሎ ስለሚለቁ ለትንንሽና ለመጠገን ለሚቀሉ ቦታዎች ይሁኑ። የቁልፉ ክር በደማቅ ቀይ የተቀባው ለዚህ ነው።

ደረጃ 10፦ ቀቡ

ከላይ ወደ ታች፣ ከሩቁ ወደ ቅርቡ፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ። ከላይ ስትጀምሩ የሚንጠባጠበው ገና ባልተቀባ ቦታ ላይ ያርፋል።

ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይቀባ። እጃችሁን አስደግፉበት፤ ግድግዳው የሚያቃጥል ከሆነ ጠብቁ። በጋለ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ሳይጣበቅ ላዩ ይደርቅና የሩሎው መገጣጠሚያ ሁሉ ይታያል። በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ።

ከግድግዳው በላይ ወይም አጠገብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ የብረት መሰላልና ረጅም የሩሎ ዘንግ አታስጠጉ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቆሚያው ላይ አይውጣ።

ደረጃ 11፦ የጋራው ቀን

የቀረው ሥራ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን ሠፈሩን ጥሩ። ቀድማችሁ አትጥሩ፤ መደቡና ዳር ዳሩ ካልተያዘ የሚመጣው ሰው የት እንደሚቀባ አያውቅም፤ አብዝታችሁም አትጨርሱ፤ የቀረው ጌጥ ብቻ ከሆነ እንግዳ አድርጋችኋቸዋል።

ለሁለት ሰው 2 ሜትር ስጡ። በ12 ሜትር ላይ በአንድ ጊዜ 12 ሰው ማለት ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ። አንድ ወጣት ቀለም ያድል፣ አንዱ ብሩሽ ይጠብ፣ ሁለቱ በግድግዳው ላይ እየዞሩ ይርዱ። ለትልልቆች ወንበር አዘጋጁ፤ ተቀምጠው የሚደርሱባቸውን ካሬዎች ቀድማችሁ ለዩላቸው። ከባለታሪኮቹ መካከል ብሩሽ መያዝ የማይፈልግ አለ፤ አታስገድዱት። ተቀምጦ «እሱ ትንሽ ጠቆር ይበል» ማለቱም ሥራ ነው።

ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። የማይፈልጉትን ለመለየት ክር ወይም ጨርቅ በእጃቸው ላይ እሰሩ፤ ፎቶ አንሺው ከሩቅ ያውቃቸዋል።

ደረጃ 12፦ ጽሑፉና ማጠናቀቂያው

ጽሑፍ ካለ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ የቁቤውን ፊደል አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ሰው ይረመው፤ አንድ ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ ቃሉ ሌላ ይሆናልና። የፊደሉ ቁመት ከ10 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ከመንገድ አይነበብም። የባለታሪኮችን ስም የምትጽፉት እነሱ ከፈለጉ ብቻ ነው።

ቫርኒሽ አብዛኛውን ጊዜ አልመክርም። ግድግዳው ጥቂት እርጥበት ካለው ከውስጥ ይዘጋበታል። ሰው ጀርባውን በሚያስደግፍበት ቦታ ብቻ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በውሃ የሚቀጥን የውጭ ቫርኒሽ አንድ ዙር ቀቡ።

የብሩሽ እጣቢውን ወደ ቦይ አትድፉ። በባልዲ አስቀምጡት፤ ሲጠል ውሃውን ራቅ ባለ አፈር ላይ አፍስሱ፤ ዝቃጩን አድርቃችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉ።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

- ገንዘቡን ሁሉ በቀለም ላይ ማዋል። ለቡና፣ ለትራንስፖርት፣ ለውሃና ለጥገና የሚሆን ቢያንስ አንድ አራተኛ ይቀመጥ።
- ስፖንሰር ያደረገን ድርጅት ምልክት ከሥዕሉ መካከል ማስገባት። በጠርዝ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይበቃል፤ ይህን ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ተነጋገሩ።
- ከኢንተርኔት የተገኘን የስደተኞች ፎቶ መቅዳት። የሌላ አገር ሰው፣ የሌላ አገር ልብስ ነው፤ ሠፈሩ ወዲያው ያውቀዋል።
- ሁለት ጥሩ ሠዓሊዎች ሌሊቱን ሁሉንም «እያስተካከሉ» ማደር። የጎረቤቱ እጅ ያረፈበትን ካሬ ደርበው ሲቀቡበት በማግሥቱ መጥቶ ይፈልገዋል። ከዳር የወጣውን መሥመር ብቻ አርሙ።

ከዚያ በኋላ

ከየቀለሙ አንዳንድ ብርጭቆ ያህል አስቀሩ። በጠባብ ማሰሮ ሳይሆን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አኑሩ። በላዩ የቀለሙን ቁጥርና የካሬውን ስም ጻፉ፤ «ቀይ 9፣ የቁልፉ ክር፣ 14ለ» እንደማለት። በየዓመቱ መስከረም፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እዩና የተነሣውን ፋቁ፣ ፕራይመር ቀቡ፣ ከዕቃው ቀለም ሙሉበት። ክሩን በየዓመቱ የምትደግመው የቁልፉ ባለቤት የልጅ ልጅ ናት፤ ዕቃውም በእነሱ ቤት ይቀመጣል።